የደሳለኝ ተቀባይ

የማስታውሰውንና የማስታውሰው የሚመስለኝን መለየት ካቃተኝ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት በዕለቱ የነበሩትን ሰዎች እየዞርኩ ጠይቄአለሁ። በብዙው ተስማማን፤ በአንዳንዱ ግን እያንዳንዳችን ሌላ ነገር ተናገርን። የተለያየንበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ማንም ሊክደኝ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ የቅዳሜ ረፋድ፣ በንፋስ መውጫ፣ ነፋስ የቆርቆሮ ክዳኑን በሚያንኳኳው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ እኔ ሽማግሌው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። መቆሜንም ያወቅሁት አጠገቤ የነበረው ወጣት ዳኛ ኮቴን ይዞ «ይቀመጡ እንጂ ዶክተር» ሲለኝ ነው።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። የተወለድኩት እዚሁ ላይ ጋይንት ነው። በልጅነቴ ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ኋላ ወደ አስኳላው ተሻግሬ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ተማርኩ፤ የሥራ ዘመኔንም ያሳለፍኩት ፈተና እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚታረም መምህራንን በማስተማር ነው። ጡረታ ስወጣ ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስኩ። በጥንቃቄዬ እታወቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ዶክተር ሳያይ አይረግጥም፤ ካየም በኋላ አይረግጥም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቀልዱ እውነትነት ነበረው። አጠራጣሪ ነገር ሲገጥመኝ «ይቆየን» እላለሁ፤ አብዛኛው አጠራጣሪ ነገር ደግሞ ሲቆይ ራሱ ይጠፋል።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ዘውድነሽ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ቤቶች መካከል በሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ እንድሆንላት ጠየቀችኝና እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ዙር በየትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ለመጨረሻው ቀን የቀሩት ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ የአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ማኅሌትና ከስማዳ የመጣው ደሳለኝ። አሸናፊው ደብረ ታቦር ሄዶ በዞን ይወዳደራል። የመጨረሻው ዙር ደንብ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ይነበባል፣ ተወዳዳሪው መልሱን በራሱ እጅ በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ማኅሌት ዓይነ ስውር ናት።

ጉዳዩን የሰማሁት በዕለቱ ጠዋት፣ ዘውድነሽ ቢሮ ስገባ ነው። ቀድመውኝ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው የደሳለኝ አስተማሪ መምህር ጌታነህ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ ጥላማ የሚመስል፣ ሰውን ቀና ብሎ የማያይ ሰው። ሁለተኛው የማኅሌት አባት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም አካባቢ ተነሥተው የመጡ ካህን። በእግራቸው ሥር በገመድ የታሰረ የአልጋ ልብስ ጥቅልል አለ። የመንገድ ስንቅ መስሎኝ ነበር። ዘውድነሽ በጆሮዬ እስክትነግረኝ ድረስ የማኅሌት መኝታ መሆኑን፣ ከተከራየችበት ቤት ማለዳ ጠቅልለው እንዳመጡት አላወቅሁም።

መምህር ጌታነህ በማኅሌት መወዳደር ላይ ተቃውሞ አቅርቦ ነበር። ዘውድነሽ ለማኅሌት መልሱን የሚጽፍላት ሰው ለማቆም አስባ ነበርና እሱ አልተቀበለም።

«እኔ በልጅቱ ላይ ክፉ የለኝም» አለ። «ግን የሚጽፍላት ሌላ ሰው ከሆነ የምንፈትነው ማንን ነው?»

ዘውድነሽ የታመመው ዓይኗ እንጂ ጭንቅላቷ አይደለም ብላ ተቆጣች። እሱም ጭንቅላቷን ማን አማ አላት። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ራሴ በክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት ያስተማርኩት እንዲህ እንዲጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ዙር በትምህርት ቤቷ በብሬል ጽፋ ነበር ያለፈችው፤ አሁንም ብሬል ትጻፍ እንዳንል ከዳኞች ብሬል ማንበብ የሚችል አልነበረም።

መሪጌታ እስኪበርድልን ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ልጄ ወንድ ብትሆን ይህን ደጅ አልረግጥም ነበር። እኛ ዘንድ ዓይነ ስውር ተማረ ብሎ ጉድ የሚል የለም፤ ቃል በጆሮ ነው የሚገባ። ዓይናቸው ሳያይ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ሊቅ ያወጡ መምህራን አሉ። ሴት ሆነችና እዚያ የሚያስቀምጣት አጣሁ። እዚህ ደግሞ ለሴት ክፍት ነው አላችሁኝ፤ እሰይ ብየ ሰጠኋችሁ። ዛሬ ዓይንሽ ካላችሁ ሦስተኛው ደጅ ወዴት ነው?»

ዘውድነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«በሕዝብ ፊት ተነሽ ከተባለች ግን» አሉ ጥቅልሉን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ «መኝታዋ ይኸው ታስሯል። ከእኔ ጋር ትገባለች። ዕውቀት ቢቀርባት ይቅር እንጅ ውርደት አላስተምራትም።»

ማኅሌት ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሹ እየሞላ ነው፤ የባጃጅ ጡሩምባና የሕዝቡ ጫጫታ ይሰማል። «ይቆየን» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት እጅግ የኮራሁበት መፍትሔ ታየኝ።

«ሰሌዳውን እንተወው» አልኩ። «ሁለቱም በቃል ይመልሱ። ለአንዷ የተለየ ነገር አላደረግንም፤ ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው።»

ዘውድነሽ እጇን አጨበጨበች። መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑኝ። መምህር ጌታነህ ብቻ በእጁ የያዘውን የሰሌዳ መጻፊያ እያገላበጠ ቆየና «ሌላ መንገድ የለም?» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። ምን ቅር እንዳለው ጠየቅሁት። በሩ ላይ ወደቆመው ረጅም ልጅ ዞሮ አየ፤ ወደ እኔ ተመለሰና «ምንም» ብሎ ወጣ። እኔም አልመረመርኩትም። አንድን ችግር የፈታ ሰው ያን ያህል ቶሎ ሌላ ችግር መፈለግ አይወድም።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የከተማው ወጣት ከፊት፣ ከስማዳ በሚኒባስ የመጡት በስተግራ፣ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ደግሞ ከኋላ ቆመዋል። መብራት ስላልነበረ ማይክራፎን የለም፤ መስኮቶቹን ከፍተን በነፋሱ ላይ ድምፃችንን እያነሣን ጀመርን። ማኅሌት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣጥፋ፣ አገጯን ጥቂት ቀና አድርጋ ቆመች። ደሳለኝ እጅጌው ያጠረው ጃኬት ለብሶ ከእሷ ጎን ቆመ፤ ዓይኑ ከወለሉ አልተነሣም። አሠራሩ ተራ በተራ ነው፤ አንዱ የራሱን ጥያቄ ካልመለሰ ጥያቄው ለሌላው ያልፋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የማኅሌት ነበር። ገና አንብቤ ሳልጨርስ የገባት መሆኑ ከፊቷ ይነበባል። እያንዳንዱን ቃል እንደ ዳዊት ደጋሚ አስረግጣ መለሰች፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከኋላ መሪጌታ ሲያጨበጭቡ አየሁ፤ ወይም አየሁ ይመስለኛል። እሳቸው አላጨበጨብኩም ይላሉ።

ሁለተኛው የደሳለኝ ነው። መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ ዘግይቶ የሚሰማው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለእንዲህ ላለ ተማሪ ቀላል ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። «ብ...» አለ። «ብ... ብ... ብር...» ከዚያ በላይ አልወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ታገለ። አንዲት ቃል በጉሮሮው ውስጥ እንደ ሰው ተጣልታው ነበር። የሰዓት ያዡ ደወል መታ።

ከፊት ረድፍ አንድ ጎረምሳ «ስማዳዎች፣ የልጁን ምላስ ገደሉ ሥር ረስታችሁት መጣችሁ እንዴ?» አለ። ከተማው ሳቀ። ከግራ በኩል አንዱ «ቃል ማነስ ይሻላል፤ እናንተማ ነፋስ ይግባ ብላችሁ አፋችሁን አትዘጉም» ሲል መለሰ፤ ሳቁ ይበልጥ ጋለ። መምህር ጌታነህ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሞ አየሁት። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠዋት «ሌላ መንገድ የለም?» ያለው ስለ ማኅሌት አልነበረም። ለአንዷ በር ስከፍት የሌላውን በር በአፍንጫው ላይ ዘግቼበት ነበር፤ «ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው» ብዬ።

ደንቡ ደንብ ነውና «ጥያቄው ለማኅሌት ያልፋል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አላማረኝ።

የከተማው ልጆች ማኅሌትን መልሺ እያሉ ይወተውቷታል። እሷ ፊቷን ደሳለኝ ወደቆመበት አዙራ ትንፋሹን የምታዳምጥ ትመስላለች።

«ዶክተር» አለች፤ «ይህ ጥያቄ እኮ ባለቤት አለው። እሱ ጀምሮታል፤ መጀመሪያውም ልክ ነው። የእኔን ሰዓት ለእሱ ይስጡልኝ።»

ውድድሩን አቆምኩና ዘውድነሽንና መምህር ጌታነህን ወደ መድረኩ ጠራኋቸው። ጌታነህ አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

«ንግግር ይይዘዋል» አለ። «እኛ ጋ በቃል የሚጠይቀው መምህር የለም። ሰሌዳው ነበር መጠለያው።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ምን ቅር አለህ ሲሉኝ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።»

መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ፤ እሷ ትናገር፣ እሱ ይጻፍ። ሰሌዳውንና መጻፊያውን አስመጥቼ ለደሳለኝ ሰጠሁት። ሕዝቡ ስለ ሁለት ሚዛን ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን ይጉረምረም ብዬ ቆርጫለሁ። ልጁ ሰሌዳውን ተቀበለ፤ ጻፈ፤ ወደ እኛ አዞረው። የመብረቁን መልስ አልጻፈም። ዘውድነሽ ማኅሌት እንድትሰማ ብላ ጮክ ብላ አነበበችው፤

«መናገር እፈልጋለሁ።»

ስንት ዘመን መምህራኑ በደግነት ሰሌዳ ሲሰጡት የኖሩ ልጅ፣ በተሳቀበት ቦታ ላይ፣ ሰሌዳውን መልሶ ሰጠኝ።

ማኅሌት ከጓደኞቹ ጋር ሲንሾካሾክም ይይዘው እንደሆነ መምህሩን ጠየቀች። ጌታነህ ጥቂት አሰበና በሹክሹክታ ሲሆን አይይዘውም አለ፤ ለራሱም ገና ዛሬ የታወቀው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ተቀባይ ይቁምለት» አለች።

የጋይንት ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ማብራሪያ አይሻም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር። በቤተ ክርስቲያን ባለ ቅኔው ቅኔውን ሲያቀርብ ከጎኑ ተቀባይ ይቆማል። ባለ ቅኔው ቃሉን በዝግታ ለተቀባዩ ይነግረዋል፤ ተቀባዩ ያንኑ ተቀብሎ ሕዝብ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማል። የተቀባዩ ድምፅ ምንም ቢያምር ቅኔው የተቀባዩ ነው ያለ ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። ቅኔው የባለቤቱ ነው። በልጅነቴ ስንት ጊዜ ይህን ቆሜ ሰምቻለሁ! «የሚጽፍላት ሌላ ሰው ከሆነ የምንፈትነው ማንን ነው» ለሚለው የጠዋት ጥያቄ መልሱ እዚሁ ደጃችን ላይ፣ ከእኛ ዲግሪ በፊት፣ ተቀምጦ ነበር።

«ማን ይቁም?» አልኩ።

ጌታነህ ከስማዳ ተማሪዎች አንዱ ይቁም አለ። የከተማው ወገን ጓደኛው ከሆነ መልሱን ይጨምርለታል ብሎ ተንጫጫ። ከከተማው ይቁም ሲባል ስማዳዎች አጎደለብን ሊሉ ነው። ማኅሌት እጇን አነሣች።

«እኔ ልቁምለት። ለእሱ ታደላለች ብሎ የሚጠረጥረኝ የለም።»

«ብታጎድይበትስ?» አለ ጌታነህ። ስድብ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ጥያቄ ነበር።

መሪጌታ ጥበቡ ከኋላ ተነሡ። አዳራሹ ለካህን ባለው ልማድ ዝም አለላቸው። «ባለ ቅኔው ከጎኗ ነው የሚቆም» አሉ። «ጆሮ አለው፤ ራስ አለው። አንዲት ቃል ካጎደለች ራሱን ይነቅንቅ። ያን ጊዜ እኔም ልጄ ናት አልል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በደንቡ ውስጥ ተቀባይ የሚባል ነገር የለም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት አልተጠየቀም። ስህተት ከሆነ ስሜ ነው የሚነሣው። «ይቆየን» ብል ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ሕዝቡ ይበተናል፣ ልጁ ሳይናገር ወደ ስማዳ ይመለሳል፣ መሪጌታም ጥቅልላቸውን ያነሣሉ። ከፍርሃት ይልቅ የተሰማኝ ደስታ መሆኑ ራሴን አስገረመኝ።

«ይቁሙ» አልኩ።

ማኅሌት በእጇ አየሩን እየዳበሰች ተጠጋች፤ ደሳለኝ ክንዱን ሰጣትና ጆሮዋን ወደ አፉ አዘነበለች። የመብረቁን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩ። ከንፈሩ ያለ ትግል ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማኅሌት ቀጥ ብላ ቆመችና «ብርሃን ከድምፅ እጅግ ይፈጥናል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢነሡም ብርሃኑ ቀድሞ ይደርሳል» አለች። ደሳለኝ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ግራው ወገን ፈነዳ። ሊሳደብ ተዘጋጅቶ የነበረው የፊቱ ጎረምሳ ሳይቀር ሲያጨበጭብ አየሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ብጠየቅ አልመልስም፤ እንደ ጎርፍ ሄደ። እሷ የራሷን ትመልሳለች፤ ወዲያው ጆሮዋን አዘንብላ የእሱን ትቀበላለች። የራሷን ስትመልስ ድምፏ ፈጣንና ኮስታራ ነው፤ የእሱን ስትቀበል ይረጋጋል። ጥቂት ቆይቶ ሕዝቡ ማን እየተናገረ እንደሆነ ከድምፏ መለየት ጀመረ። አንዱ ነጥብ ሲጥል ሌላው ይጥላል። ገበሬዎቹ ከኋላ ወደ ፊት እየገፉ መጥተው መድረኩን ሊነኩት ደረሱ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ ሁሉም ይጮሃል።

በመጨረሻ እኩል ሆኑ፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የደሳለኝ። ከመለሰ ስማዳ ያሸንፋል። ካልመለሰ ለማኅሌት ያልፋል።

«ባቄላ ተዘርቶበት የከረመ ማሳ በዓመቱ ገብስ ሲዘራበት ምርቱ የሚሻለው ለምንድን ነው?»

ገበሬዎቹ ተንሾካሾኩ። ነገሩን ሁሉም ያውቁታል፤ ምክንያቱን ግን ተጠይቀው አያውቁም። ማኅሌትን አየሁ። ገና ስጠይቅ መልሱ እንደገባት ከፊቷ አነበብኩ፤ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያየሁት ፊት ነበር። ደሳለኝ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ተንሾካሾከ። ቀና አለ።

ማኅሌት ዝም አለች።

ሰዓቱ ይሄዳል። አሁንም ዝም። ከፊት ረድፍ «ዝም በይው፣ ይለፍልሽ» የሚል ድምፅ መጣ። ጌታነህ ጥርሱን ነክሶ ነበር። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ልቧ እየተፈተነ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዕድሜ፣ አባቷ ፊት፣ በትምህርት ቤቷ አዳራሽ፣ አንዲት ቃል በማጉደል ማሸነፍ ስትችል የማይፈተን ማን ነው? ሰዓት ያዡ እጁን ወደ ደወሉ ዘረጋ። ተነሥቼ የቆምኩት ያን ጊዜ ነው።

ማኅሌት ፊቷን ወደ ደሳለኝ መልሳ «ጨረስህ?» አለችው።

«አዎ» አለ።

ድምፁን በአዳራሹ ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት ያለ፣ ያልተሰበረ ቃል። የተለያየነው እዚህ ላይ ነው። ጌታነህ «አ... አዎ» ነው ያለው ይላል። ደሳለኝ ጮክ ብዬ መናገሬን አላውቅም ይላል። ማኅሌት ደግሞ እንዳልጠየቀችው፣ ዝም ብላ ብቻ እንደጠበቀችው ትናገራለች። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የሰማሁትን ጽፌአለሁ።

ከዚያ ማኅሌት ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ የእሱን መልስ ቃል በቃል ተቀበለች፤ በባቄላው ሥር ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚኖር፣ እሱም ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዘ ለአፈሩ እንደሚያስቀር፣ ገብሱ የሚጠግበው ከዚያ እንደሆነ። ደሳለኝ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ብሎ። ደወሉ መታ።

እኔ ገና ሳልቀመጥ ዘውድነሽ ናት ስማዳ ማሸነፉን ያሳወቀችው። ለጥቂት ጊዜ የከተማው ወገን የሚያደርገው ጠፋው፤ ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለችና ሁሉም ተከተለ፤ ለማን እልል እንደተባለ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ከአዳራሹ ስወጣ ዓይኔ ጥቅልሉን ፈለገ። መሪጌታ ከቢሮው ደጃፍ አጠገቡ ቆመዋል፤ ማኅሌትም መጥታለች። መስማት ባይገባኝም ቆሜ ሰማሁ።

«የባቄላውን ታውቂው ነበር?»

«አውቀዋለሁ፣ አባየ።»

«ታዲያ ምን ዘገየሽ? ሰው ሁሉ ልታስቀሪው መስሎት ነበር።»

«ቤት ሳይሞላ ይቀበላሉ እንዴ?» አለች ተገርማ። የቅኔ አንድ ስንኝ ቤት ይባላል፤ ተቀባይ ባለ ቅኔው ቤቱን ሳይሞላ አይቀድመውም። «ትንፋሹ ገና ነበር። የሚጨምረው ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅሁት።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገመዱን ፈቱት፤ ጠቅልለውም ኪሳቸው አስገቡት። ጥቅልሉን ተሸክመው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ማኅሌት ወደተከራየችበት ሰፈር ዞሩ። እኔን ሲያዩኝ ቆሙ።

«ገመዱን ለአህያ ጭነት እፈልገዋለሁ፣ ዶክተር» አሉ። «መኝታው ግን ይቀራል።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ምናልባት አስተማሪ ነህ፤ ምናልባት አንቺ እንደ ዘውድነሽ ርእሰ መምህርት ነሽ። ምን ተለወጠብህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለሁሉም የሚሆን ደንብ አግኝቻለሁ አልላችሁም። ያን ዕለት አንድ ዓይነት ደንብ ለሁሉም ስሰጥ አንዱን ቀበርኩት፤ ለየብቻ ስሰጥ ደግሞ ልጁ እምቢ አለኝ። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ኖሬአለሁ፤ አሁንም እጠነቀቃለሁ፤ የምጠነቀቀው ግን ለሌላ ነገር ነው። አንድ መፍትሔ ሲያስደስተኝ ወዲያው በሩ ላይ ማን እንደቆመ፣ ማን «ምንም» ብሎ እንደወጣ ዞሬ አያለሁ። ደግነትም ሰው ሳይጨርስ ሊያስቆመው እንደሚችል አውቄአለሁ፤ ሰሌዳው ደግነት ነበር።

ደሳለኝ በደብረ ታቦሩ ውድድር አላሸነፈም። ማኅሌት አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የቀረውን እነሱ ይንገሯችሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ፤ ያጎደልኩት ካለ ራሳቸውን ይነቅንቁ።

ባለፈው ሰሞን ዘውድነሽ ጠርታኝ አንድ የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ከኋላ ተቀምጬ ተመለከትኩ። መምህሩ አዲስ ነው፤ የዚያን ቀን አልነበረም፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ተነሥታ ስትመልስ መሀል ላይ ቃል ጠፋባት፤ ቆመች፤ መሬት መሬት አየች። መምህሩ በቅንነት «ግድ የለም፣ ተቀመጪ» ብሎ ወደ ሌላ ተማሪ ሊያልፍ እጁን አነሣ።

ያን ጊዜ ከአንድ አግዳሚ ሳይሆን ከየአቅጣጫው፣ ተማሪዎቹ ሳይመካከሩ፣ በዝግታ ተናገሩ፤

«አልጨረሰችም።»